ለወጣት የሕግ ባለሙያዎች፦ ስለ ሞት ቅጣት የምመክራችሁ

ውድ ወጣት የሕግ ባለሙያዎች፣

አንድ ዘግናኝ ግድያ በተሰማ ቁጥር «ለእንዲህ ያለው ሞትም ያንሰዋል» ሲባል በቤታችሁም፣ በታክሲውም፣ አንዳንዴም በችሎት ደጃፍ ላይ ትሰማላችሁ። ቃሉን አትናቁት። ልጇን የቀበረች እናት «የልጄ ደም ደመ ከልብ ሆኖ ሊቀር ነው ወይ?» ብላ ስትጠይቅ መልስ ይገባታል፤ የሞት ቅጣትን እየተቃወመ ይህን ጥያቄ የሚሸሽ ጠበቃ የሥራውን ከባድ ክፍል ትቶታል። እኔ በዚህ ሙያ አርጅቼ የደረስሁበት መልስ ግን ይህ ነው፦ የሞት ቅጣት ለፍርድ ክብደት የሚጨምር ቢመስልም፣ ፍርድ ቤት ስሕተቱን እንዳያርም ያደርገዋል፤ ባስ ሲልም ጥፋተኛው በዳኛ ፊት እንዳይቆም መሰናክል ይሆናል።

ኢዋዎ ሃካማዳ የተባለ ጃፓናዊ የቀድሞ ቦክሰኛ እ.ኤ.አ. በ1966 የተያዘው፣ ይሠራበት የነበረው የሚሶ (ከአኩሪ አተር ተብላልቶ የሚሠራ ማጣፈጫ) ፋብሪካ ኃላፊ ከሚስቱና ከሁለት ልጆቹ ጋር ከተገደለ በኋላ ነበር። ፖሊስ ቀናት አከታትሎ ሲመረምረው የእምነት ቃል ሰጠ፤ ችሎት ሲቀርብ ግን ቃሉን ካደ። አንድ ዓመት ካለፈ በኋላ ደም የነካቸው አምስት ልብሶች ከፋብሪካው የሚሶ ጋን ውስጥ ተገኙ ተባለ፤ በ1968 ሞት ተፈረደበት፤ በ1980 የሀገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ፍርዱን አጸናው። በጃፓን የሞት ፍርደኛ የሚሰቀልበትን ቀን የሚያውቀው በዚያው ዕለት ጠዋት ስለሆነ፣ ሰውየው ለአሥርት ዓመታት ሞቱን በየማለዳው እየጠበቀ ኖሮ አእምሮው ታወከ። እህቱ ሂዴኮ ሳትታክት ስለተከራከረችለት በ2014 ከእስር ወጣ፤ በ2024 ደግሞ በ88 ዓመቱ ነጻ ተባለ። ፍርድ ቤቱ ማስረጃውን መርማሪዎች እንደፈበረኩት ገለጸ፤ በሚሶ ውስጥ ከዓመት በላይ የቆየ ደም ቅላቱን ጠብቆ ሊገኝ አይችልምና። ይህ የሆነው የተደራጀ የፍትሕ ሥርዓት ባለው ሀገር፣ እስከ መጨረሻው የይግባኝ እርከን በተመረመረ መዝገብ ላይ ነው። «ይግባኝ ስላለ ስሕተት ይታረማል» ለሚሏችሁ ይህን መዝገብ አስታውሷቸው።

በለንደን የነበረው ቲሞቲ ኢቫንስ ያን ያህል እንኳ አልታደለም። ሴት ልጁን ገድለሃል ተብሎ እ.ኤ.አ. በ1950 ተሰቀለ፤ ከሦስት ዓመት በኋላ የመሰከረበት ጎረቤቱ ጆን ክሪስቲ ራሱ ብዙ ሴቶችን የገደለ ሰው ሆኖ ተገኘ፤ ለኢቫንስ ይቅርታ የተሰጠው በ1966 ነው። በአሜሪካም ከ1973 እስከ 2024 ባለው ጊዜ ሞት ከተፈረደባቸው መካከል 200 ሰዎች በኋላ ነጻ ወጥተዋል።

ቅጣቱ ሌሎችን ያስፈራል ስለሚባለው ብዙ አልናገርም። የአሜሪካ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2012 እስከዚያ የነበሩትን ጥናቶች መርምሮ፣ የሞት ቅጣት ግድያን ይቀንስ ወይም ይጨምር እንደሆነ ከእነርሱ ማወቅ እንደማይቻል ደምድሟል። በእንዲህ ያለ መሠረት ላይ የሰው ነፍስ አይቆረጥም።

ከባዱ ክርክር «የዘር ማጥፋት ፈጻሚስ?» የሚለው ነው። የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1994 የሩዋንዳን የዘር ማጥፋት የሚዳኝ ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ሲያቋቁም፣ ሩዋንዳ ከተቃወመችባቸው ምክንያቶች አንዱ ፍርድ ቤቱ የሞት ቅጣት አለመያዙ ነበር። በ1998 በራሷ ፍርድ ቤቶች የተፈረደባቸውን 22 ሰዎች በአደባባይ ረሸነች። ነገር ግን ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት በነበረባት በታንዛኒያዋ አሩሻና በአውሮፓ የነበሩ ተጠርጣሪዎች እንዲተላለፉላት ስትጠይቅ የሞት ቅጣቷ እንቅፋት ሆነ፤ በ2007 ቅጣቱን ሰረዘች፤ ከዚያ በኋላ ተከሳሾች ይላኩላት ጀመር። ከሁሉ ይልቅ የተበደለች ሀገር ቅጣቱን የተወችው ተጠርጣሪዎቹን በራሷ ዳኞች ፊት ለማቆም ስትል ጭምር ነው።

የእኛም ታሪክ ይህንኑ ይመስላል። ደርግ በ1983 ዓ.ም. ሲወድቅ ጣሊያን ኤምባሲ የገቡትን ባለሥልጣናት ጣሊያን አሳልፋ አልሰጠችም፤ ምክንያቷም የሞት ቅጣቱ ነበር። በ2000 ዓ.ም. ከእነርሱ በሁለቱ ላይ በሌሉበት ሞት ተፈረደባቸው። እነዚህ ሁለቱ ከኤምባሲው ግቢ የወጡት ወደ 30 ዓመት ገደማ ቆይተው፣ ቅጣቱ በ2013 ዓ.ም. ወደ ዕድሜ ልክ ከተለወጠላቸው በኋላ ነው። ልጆቻቸው በቀይ ሽብር የተገደሉባቸው እናቶች እነዚህን ሰዎች በችሎት ቆመው ሲጠየቁ አላዩም። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. 60 ሰዎችን ያለ ፍርድ የረሸነውን ሥርዓት ከራሳችን የምንለየው በፍርድ ሂደታችን ነው፤ የሞት ቅጣቱ ግን በእነዚህ ሰዎች ላይ የዘጋው ያንኑ ሂደት ነው።

በአምነስቲ ኢንተርናሽናል ቆጠራ እ.ኤ.አ. በ2024 በዓለም ቢያንስ 1,518 ሰዎች በሞት ተቀጥተዋል፤ ቻይና ቁጥሯን በምስጢር ስለምትይዝ አልተካተተችም። ከእነዚህ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት በኢራን፣ በሳውዲ ዓረቢያና በኢራቅ የተገደሉ ናቸው። ሳውዲ በአደንዛዥ ዕፅ ከምትቀጣቸው የውጭ ዜጎች መካከል ኢትዮጵያውያን አሉ፤ በማያውቁት ቋንቋ የሚዳኝ ስደተኛ ብቁ አስተርጓሚና ጠበቃ ካላገኘ ምን ያህል መከላከያ እንደሚኖረው እናንተ ታውቃላችሁ። ለእነርሱ ምሕረት ስንለምን «የእናንተስ ሕግ?» የሚል ጥያቄ ይጠብቀናል።

በእርግጥ የሞት ቅጣት ዛሬም በሕጋችን አለ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ወንጀሉን ሲፈጽም 18 ዓመት ባልሞላው ሰው ላይ አይፈቅደውም፤ ስቅላትንና በአደባባይ መግደልን ይከለክላል፤ ርእሰ ብሔሩ ሳያጸድቀውም አይፈጸምም። ሕጉ እስኪለወጥ ድረስ እንዲህ ያለ መዝገብ ሲደርሳችሁ ከእምነት ቃሉ ጀምሩ፤ መቼ፣ የት፣ በማን ፊት፣ ከስንት ሰዓት ምርመራ በኋላ እንደተሰጠ ጠይቁ። የተከሳሹን ዕድሜና የአእምሮ ሁኔታ በሐኪም አስመርምሩ። ቅጣት የማቅለያ ምክንያቶችን ከጥፋተኝነቱ ክርክር እኩል ተዘጋጁባቸው። ፍርዱ ከጸና የይቅርታ ማመልከቻውን ራሳችሁ ጻፉት እንጂ ለጸሐፊ አትተዉት፤ ዓቃቤ ሕግ የሆናችሁም ሕጉ ዕድሜ ልክን በአማራጭ ባስቀመጠበት ሁሉ እርሱን ጠይቁ።