ሙሉም ጎዶሎም የሆነ ቁጥር

ጥያቄ፦ ልጄ 2,147,483,647ን «ትልቅ ሙሉ ቁጥር ነው» አለኝ። መጨረሻው 7 ሆኖ እንዴት ሙሉ ይሆናል? ጎዶሎ ነው እንጂ! «ደግሞ ለምንም አይካፈልም» ብሎ ጨመረልኝ። እንዲህ ይባላል?

መልስ፦ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። ያጣላችሁ «ሙሉ» የሚለው ቃል ነው፤ ሁለት ተቃራኒ አለው። ከ«ጎዶሎ» ጋር ሲቆም ለሁለት እኩል የሚከፈል ማለት ነው። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ጊዜ የቤት መኪኖች በፈረቃ ሲወጡ፣ ሰሌዳው ሙሉ ነው ጎዶሎ ያልነው በዚህ ስሜት ነው። ከ«ክፍልፋይ» ጋር ሲቆም ግን ያልተሸረፈ፣ ግማሽ ሩብ የሌለው ማለት ነው። የልጅዎ ይኸኛው ነው። የሒሳብ መጻሕፍት ግጭቱን ለማስወገድ «ተጋማሽ» እና «ኢ-ተጋማሽ» ይላሉ። «ተጋማሽ» ግሩም ቃል ነው፣ ትርጉሙን ራሱ ይናገራል። «ኢ-ተጋማሽ» ግን ለእኔ ጆሮ ይከብዳል፤ «ጎዶሎ» እያለልን ምን አስቸገረን?

አንድ ብቻ ይጨምሩበትና ይዩ፤ 2,147,483,648 ይሆናል። ይህ በሁለቱም ስሜት ሙሉ ነው። 31 ጊዜ በተከታታይ ቢያጋምሱት ሳይሸረፍ 1 ላይ ይደርሳል። ሁለትን 31 ጊዜ ደርድሮ በማባዛት የተገኘ ነዋ። የእናንተው ቁጥር ከእሱ በአንድ ያንሳል።

«ለምንም አይካፈልም» የሚለውን ትንሽ እናርመው። ለ1 እና ለራሱ ይካፈላል። ለሌላውም ይካፈላል፣ ግን ቀሪ ይተርፋል። ስለዚህ «ከ1 እና ከራሱ በቀር ለማንም ያለ ቀሪ አይካፈልም» ይበል። ባጭሩ «ብቸኛ ቁጥር» ነው። ይህን በ1772 እ.ኤ.አ. ያረጋገጠው ስዊዘርላንዳዊው ሊዮናርድ ኦይለር ነው፤ ያኔ ዓይኑ ሊጠፋ ምንም አልቀረውም። ቢካፈል ኖሮ ከ46,341 የሚያንስ ብቸኛ አካፋይ በተገኘለት። ኦይለር ያንንም አጠበበው፦ አካፋይ ሊሆን የሚችለው ለ248 ሲካፈል 1 ወይም 63 የሚተርፈው ብቻ ነው። እነሱን ፈተሸ፣ አንዱም አልሠራም።

መስተዋድዱን ልጅዎ በትክክል ተጠቅሟል። ማካፈል «ለ» ነው፣ ማባዛት «በ»። «12 ለ3 ሲካፈል»፣ «12 በ3 ሲባዛ»። «በ3 ሲካፈል» እየተለመደ መጥቷል፤ እኔ አልመክርም።

ሲነበብ፦ ሁለት ቢሊዮን አንድ መቶ አርባ ሰባት ሚሊዮን አራት መቶ ሰማንያ ሦስት ሺህ ስድስት መቶ አርባ ሰባት። በንግግር «አንድ» ተውጦ «መቶ አርባ ሰባት ሚሊዮን» ቢባል ነውር የለውም፤ ቼክ ላይ ግን «አንድ መቶ» ብለው ይጻፉ።

ልጅዎ ኮምፒውተር ከወደደ ይህን ይንገሩት። ብዙ የቆዩ ኮምፒውተሮች ጊዜን የሚቆጥሩት ከታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. ጀምሮ በሰከንድ ነው፤ መቁጠሪያቸው የሚይዘው ትልቁ ቁጥር ይኸው ነው። የሚሞላው በ2030 ዓ.ም. ጥር 11፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ላይ ነው። ጥምቀት ዕለት!