በመቃኑ ላይ የነበሩት ጭረቶች

ባለፈው ሳምንት አንዲት ወጣት መሐንዲስ ደወለችልኝ። «ጋሼ፣ የጎርፍ ካርታ ስናዘጋጅ ነዋሪውን የምናማክረው ከጥናቱ በፊት ነው ወይስ ረቂቁ ካለቀ በኋላ?» አለችኝ። «በፊት» ብዬ መለስኩላት። ሌሊቱን ግን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

በ1994 ዓ.ም. ፎገራ ውስጥ፣ ጣና ሐይቅ በሚገባው በርብ ወንዝ ዳር ላለች አንዲት ቀበሌ ጎርፍ የሚመልስ የአፈር ክትር እቀይስ ነበር። አንዲት እናት ከደጃቸው ሆነው ጠሩኝና የበራቸውን መቃን አሳዩኝ። ጎርፉ የደረሰበትን ከፍታ የሚያሳዩ፣ በማጭድ የተጫሩ አራት ጭረቶች አሉበት፤ የታችኛው ከቁርጭምጭሚቴ ከፍ ብሎ፣ የላይኛው ከጉልበቴ ላይ። «ልጄ፣ ይህን ሁሉ ያመጣው ወንዙ ብቻ አይደለም። ጣና ሲሞላ ርብ መግቢያ ያጣል፤ ውኃው ወደ ኋላ ይተኛብናል። እናንተ ዳር ዳሩን ስትክቡት፣ ከማሳው የገባው በየት ይውጣ?» አሉኝ። ቡና አፍልተው ነበር። ቸኩያለሁ ብዬ ሳልቀመጥ ሄድኩ። በማስታወሻዬ ላይ ያሰፈርኩት «ኅብረተሰቡ ተማክሯል» የምትል አንዲት መስመር ነበረች።

የ1998 ክረምት መጣ። ድሬዳዋ ላይ የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ደርሶ ከ250 በላይ ሰው የፈጀበት፣ ኦሞ ዳሰነችን ያጥለቀለቀበት ክረምት ነው። ፎገራና ሊቦ ከምከምም በውኃ ተዋጡ። ወደዚያች ቀበሌ የገባሁት በታንኳ ነው። ውኃው መውጫ አጥቶ፣ እሳቸው እንዳሉት፣ ከክትሩ ጀርባ ተኝቷል። የጭቃ ጎታቸው ሟሙቶ ጉብታ ሆኗል፤ ሩዙ በቅሎ ይሸታል። እሳቸው ወረታ ዘመድ ዘንድ ሸሽተዋል አሉኝ። መቃኑን ፈለግኩት፤ አራቱም ጭረቶች ከውኃው በታች ነበሩ።

ለፎገራ ገበሬ ውኃ ጠላት ብቻ አይደለም። ሩዙን የሚያበቅለው እሱ ነው፤ ሲሸሽም በቀረው እርጥበት ጓያና ሽምብራ ይዘራል። ስለዚህ «ውኃው እንዳይገባ» ብሎ ብቻ የሚያቅድ ሰው ገበሬውን ያስርበዋል። ውኃው ስንት ቀን እንደሚተኛ፣ በየት እንደሚወጣ፣ ከብቱ የት እንደሚያድር ጠይቁ። ክትር አያስፈልግም እያልኩ አይደለም፤ ዛሬም ብጠየቅ እቀይሳለሁ፣ ማፋሰሻ ቦዩን አስቀድሜ።

እናንተ ወጣት መሐንዲሶች የሳተላይት ምስል አላችሁ፤ እኛ በወር የማንጨርሰውን በአንድ ቀን ትጨርሳላችሁ። ዝናቡም እንደ ድሮው አይደለምና የመቃን ጭረት ብቻውን አይበቃም፤ ስሌታችሁ ያስፈልጋል። ግን ከመኪና መውረድ አትወዱም፤ ይህ ያሳዝነኛል።

ለዚያች ልጅ አሁን የምጨምርላት ይህን ነው፦ በሐምሌ ሂጂ፣ መኪናውን ወረታ ላይ አቁሚው፣ ቡና ካፈሉልሽም እስከ ሦስተኛው ተቀመጪ።