ከዝሙት ፈተና መሸሽ የሚጀምረው መቼ ነው?

ጥያቄ፦ ይድረስ ለመምህር። የ25 ዓመት ወጣት ነኝ። ተወልጄ ያደግሁት መንዝ ሲሆን አሁን በደብረ ብርሃን ከተማ በአንድ ፋብሪካ ተቀጥሬ፣ ቤት ተከራይቼ ብቻዬን እኖራለሁ። በሰንበት ትምህርት ቤት በመዝሙር አገለግላለሁ፤ አጽዋማትንም እጾማለሁ። ይሁን እንጂ ሌሊት በስልኬ የዝሙት ምስል ከማየት መላቀቅ አቅቶኛል። ባለፈው ዓመትም ደመወዝ በተቀበልንበት ምሽት ከባልደረቦቼ ጋር አረቄ ቤት አምሽቼ ከአንዲት ሴት ጋር ወድቄአለሁ። አገር ቤት ሽማግሌ ተልኮ የተጠየቀችልኝ እጮኛ አለችኝ፤ ሠርጉ ግን የድግሱ ገንዘብ እስኪጠራቀም እየተባለ ሁለት ጊዜ ተላልፏል። ጻድቃኔ ማርያም ሄጄ ጸበል ብጠመቅ ይህ ነገር ይለቀኝ ይሆን? አገልግሎቱንስ መተው አለብኝ?

መልስ፦ ወንድማችን፣ በደብዳቤህ ውስጥ ከሁሉ አስቀድመን ያስተዋልነው የወደቅህባቸውን ሰዓታት ነው፤ አንዱ ከሥራ ተመልሰህ ብቻህን የምትሆንበት ሌሊት፣ ሌላው ደመወዝ የወጣበት ምሽት ነው። ሁለቱም ቀድመው የሚታወቁ ሰዓታት ናቸው።

በ2ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 11 የዳዊት ውድቀት ሲተረክ፣ ታሪኩ የሚጀምረው ቤርሳቤህን ከማየቱ በፊት ነው። ነገሥታት ወደ ጦርነት በሚወጡበት ወራት ኢዮአብንና ሠራዊቱን ልኮ እርሱ በኢየሩሳሌም ቀረ፤ ወደ ማታም ከአልጋው ተነሥቶ በሰገነት ላይ ይመላለስ ነበር። ይህ ሰው መዝሙር የደረሰ ነው፤ የጎደለው የጸሎት ቃል አልነበረም። ዮሴፍ ደግሞ በጲጥፋራ ቤት የእመቤቱን ጥያቄ እምቢ ከማለቱም በላይ ከእርስዋ ጋር መሆንን እንኳ አልፈቀደም፤ በቤቱ ማንም ባልነበረበት ቀን በያዘችው ጊዜም ልብሱን በእጅዋ ጥሎ ወጣ (ዘፍ. 39)። በመጨረሻዋ ደቂቃ ሊሸሽ የቻለው ከዚያ በፊት ዕለት ዕለት ሲርቃት ስለኖረ ይመስለናል። አንተ ግን ትግሉን የምትጀምረው ስልኩ በእጅህ፣ መብራቱም ከጠፋ በኋላ ነው።

ብዙ ጠያቂዎቻችን ዘመኑ መክበዱን ይነግሩናል። ቅዱስ ጳውሎስ «ከዝሙት ሽሹ» ብሎ የጻፈው (1ኛ ቆሮ. 6፥18) መርከበኛና ነጋዴ በሚርመሰመስባት በቆሮንቶስ ለሚኖሩ ክርስቲያኖች ስለሆነ፣ ፈተናው ራሱ አዲስ ነው ለማለት ያስቸግራል። አዲስ የሆነው መኝታ ቤት ድረስ መግባቱና ማንም ሳያውቅ መገኘቱ ነው። መንዝ ሳለህ የእናትህም የጎረቤትም ዓይን ይጠብቅህ ነበር፤ ማን ከማን ጋር እንዳመሸ በማግስቱ መንደሩ ያውቀዋል። በኪራይ ቤት ግን በርህን ከዘጋህ በኋላ የሚጠይቅህ የለም፤ በዚያ ላይ የሌሊቱ የኢንተርኔት ጥቅል ይረክሳል። ስለዚህ ያጣኸውን ጠባቂ ዓይን ራስህ ፈልገህ መመለስ ይኖርብሃል። ስልክህን ማታ ማታ አከራዮችህ ዘንድ ቻርጅ አድርገህ አሳድረው። ከተቻለህም ከሰንበት ትምህርት ቤት ወንድሞች ከአንዱ ጋር ቤት ተጋርተህ ኑር፤ ኪራዩም ይቀልልሃል። ደመወዝ በምትቀበልበት ቀን ከሥራ በቀጥታ የምትሄድበትን ቦታ ከዋዜማው ወስን። ባልደረቦችህ «ከበረብን» ብለው ቢቀየሙህ ይቀየሙ፤ የብርዱ ነገር አረቄን እንደሚያስወድድ እናውቃለን፣ ነገር ግን ሻይም ያሞቃል።

ጸበሉን በተመለከተ፣ ወደ ጻድቃኔ ማርያም መሄድህ መልካም ነው። ሆኖም ተጠምቀህ ወደዚያው ክፍል፣ ወደዚያው ስልክና ወደዚያው ማኅበር የምትመለስ ከሆነ፣ ጌታችን ተጠርጎና አጊጦ ባዶ ስለተገኘው፣ የወጣው ርኩስ መንፈስም ሌሎችን ይዞ ስለተመለሰበት ቤት የተናገረውን አስብ (ማቴ. 12፥43-45)። ምኞቱ በአንድ ቀን ካልለቀቀኝ ብለህም ተስፋ አትቁረጥ። ከዝሙት ሕይወት በንስሐ የተመለሰችው ቅድስት ማርያም ግብፃዊት በረሃ ከገባች በኋላ እንኳ 17 ዓመት ከቀድሞ ምኞቷ ጋር እንደታገለች በገድሏ ተጽፏል። የሐሳቡ መምጣት ፈተና ነው፤ ሐዋርያው ያዕቆብ እንዳለው ኃጢአትን የሚወልደው ምኞት ከፀነሰ በኋላ ነው (ያዕ. 1፥15)።

ጾሙን፣ መዝሙሩንና ጸበሉን አንሥተሃል፤ የንስሐ አባትህን ግን አንድ ጊዜ እንኳ አላነሣህም። ምናልባት የቤተሰቡም የንስሐ አባት በመሆናቸው አፍረህ ይሆናል። ካህን የሰማውን ኑዛዜ ለማንም እንዳይገልጥ ግዴታ አለበት፤ ርቀቱ ካስቸገረህ ደግሞ እርሳቸውን አስፈቅደህ በምትኖርበት አጥቢያ ሌላ አባት ልትይዝ ትችላለህ። ተክሊል ድንግልናቸውን ለጠበቁ ሙሽሮች አክሊል ተደፍቶ የሚፈጸም የጋብቻ ሥርዓት በመሆኑ፣ የሆነውን ሳትደብቅ መናገርህ ለጋብቻህም ግድ ነው። የወደቀ ሰው በንስሐ ተመልሶ በቅዱስ ቁርባን ከመጋባት አይከለከልም።

ስለ ሠርጉ አሳባችንን ሳንሸሽግ እንነግርሃለን። «በምኞት ከመቃጠል መጋባት ይሻላል» (1ኛ ቆሮ. 7፥9) የሚለውን ቃል እየሰማን፣ ሁለት ወጣቶችን ለድንኳንና ለሰንጋ ብለን ዓመታት ማስጠበቃችን የእኛ የሽማግሌዎቹና የወላጆቹ ጥፋት ነው። ቤተ ክርስቲያን ለጋብቻ የምትጠይቀው ንስሐና ዝግጅት ነው፤ የእንግዳ ብዛት አትጠይቅም። ሽማግሌዎቹን ራስህ አነጋግራቸው፣ ድግሱንም በአቅም ልክ አድርጋችሁ ቀን ቁረጡ። ከዚያ በፊት ግን ሁለታችሁም የደም ምርመራ አድርጉ። ጤናዋን የሚመለከተውን ነገር እጮኛህ የማወቅ መብት አላት፤ እንዴት እንደምትነግራት ከንስሐ አባትህ ጋር ተመካከር።

አገልግሎቱን በራስህ ፈቃድ አትተው፤ መቁረብህንም መዘመርህንም የሚወስኑት ቀኖና የሚሰጡህ አባት ናቸው። ለጊዜው ከመዘመር እንድትቆጠብ ቢያዝዙህ እንኳ የማታውን የመዝሙር ጥናት አታቋርጥ፤ ከኋላ ተቀምጠህ ብትሰማም በዚያ ሰዓት ብቻህን አትሆንም።