ባሕር ዳር ላይ ስኪ መሥራት፦ ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

ባለፈው ሳምንት የቀርቀሃ ስኪዬን (እግር ላይ ታስሮ በረዶ ላይ የሚያንሸራትት ረጅም ጣውላ ነው) ፎቶ ካሳየሁ ወዲህ ጥያቄው ጎርፏል። ለማታውቁኝ፣ አናጺ ነኝ፤ ቤቴም ሥራዬም አባይ ማዶ ነው። ታላቅ ወንድሜ ኖርዌይ ይኖራል፤ ስኪን ያወቅኩት በእሱ ነው። እስካሁን አራት ጥንድ ሠርቻለሁ። የመጀመሪያው ተበላሽቷል። ሁለቱ ኖርዌይ በረዶ ላይ ናቸው። አራተኛው ጎማ ያለው ስለሆነ እዚሁ እሄድበታለሁ።

በረዶ በሌለበት አገር ስኪ ምን ያደርጋል?

ለወንድሜ ልጆች ብዬ ነው የጀመርኩት። ደግሞ ስኪና እኛ ጨርሶ አንተዋወቅም አይባልም። አዲስ አበባ የተወለደው ሮቤል ተክለማርያም በፈረንጆቹ 2006 ቱሪን ላይ፣ በ2010 ደግሞ ቫንኩቨር ላይ በክረምት ኦሎምፒክ በስኪ ኢትዮጵያን ወክሏል። በረዶው ባይኖረንም እንጨቱ አለን፤ የስኪ ልቡ ደግሞ እንጨት ነው።

ውስጡ ሙሉ በሙሉ እንጨት ነው እንዴ?

አይደለም። ከታች በረዶው ላይ የሚንሸራተት ፕላስቲክ አለ፤ ዳርና ዳሩ ብረት ነው። ከዚያ ፋይበር ግላስ (በኮላ የሚጠነክር የመስታወት ክር ጨርቅ)፣ ከዚያ እንጨቱ፣ በላዩ እንደገና ፋይበር ግላስ። ስኪው ሲታጠፍ አንደኛው ፋይበር ይሳባል፣ ሌላኛው ይጨመቃል። እንጨቱ ሁለቱን አራርቆ ይይዛቸዋል።

ሥራው ሁሉ ውፍረቱ ላይ ነው። የኔ ስኪ እግር የሚያርፍበት ቦታ ላይ እንጨቱ 11 ሚሊሜትር ነው፤ ወደ ጫፎቹ እየሳሳ 2 ሚሊሜትር ይደርሳል። የአንድ ጣውላ ውፍረት በእጥፍ ሲጨምር ግትርነቱ ስምንት እጥፍ ይሆናል። ከ11 ወደ 10 ብታወርዱት ከግትርነቱ ሩቡ ሄደ ማለት ነው። ስለዚህ መጨረሻ ላይ መላጊያውን ቀስ በሉ።

ምን ዓይነት እንጨት ልግዛ?

ከዓይነቱ በፊት ድርቀቱን እዩ። የመጀመሪያውን ጥንድ በባሕር ዛፍ ሠራሁት፤ ያውም በሐምሌ። «የደረቀ ነው» ተብዬ የገዛሁትን ሳልለካ አመንኩ። ኖርዌይ ደርሶ ማሞቂያ ባለበት ቤት ሁለት ሳምንት ሲቀመጥ እንጨቱ ተኮማተረ፤ ፋይበር ግላሱን ለቀቀው። የወንድሜ ልጅ አንድ ቀን እንኳ አልሄደበትም። እስካሁን ያንገበግበኛል።

አሁን ከእያንዳንዱ ጣውላ ትንሽ ቁራጭ እቆርጣለሁ። በወርቅ ሚዛን እመዝነዋለሁ። ከዚያ 103 ዲግሪ ምድጃ ውስጥ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም አደርቀዋለሁ። 110 ግራም የነበረው 100 ላይ ከቆመ እርጥበቱ 10 በመቶ ነው። ከዚያ በላይ የሆነውን አልነካም። በክረምት ውጭ የተከመረ እንጨት እዚህ አይደርስም፤ ቤት ውስጥ፣ ምድጃ አጠገብ መክረም አለበት።

ወደ ዓይነቱ ስንመጣ፣ ባሕር ዛፍ ጠንካራ ነው፤ ግን ይከብዳል፣ ሲደርቅም ይጣመማል። ዋንዛ ቀላል ነው፣ ቅርጹንም ይይዛል። ነገር ግን አገር በቀል ዛፍ ነው፤ ለስኪ ተብሎ ዋንዛ እንዲቆረጥ አልፈልግም። ከተሰበረ የድሮ አልጋና ቁም ሳጥን ነው የማወጣው። አሁን ልቤ ያለው ቀርቀሃ ላይ ነው። ከእንጅባራ ይመጣል፣ ተቆርጦ ቶሎ ይተካል፣ እንደ መኪና ባሌስትራ ታጥፎ ይመለሳል። የውጭ ቆዳው ሰም ስላለው ኮላ አይዝም፤ ፋቁት። ነቀዝም ይወደዋል፤ ቀቅላችሁ አድርቁት።

የትኛውንም ብትመርጡ አንድ ወጥ ጣውላ አትጠቀሙ። ቀጫጭን አድርጋችሁ ሰንጥቁት፣ አቁሙትና ጎን ለጎን አጣብቁት። አንዱ ልጣመም ሲል ሌላው ይይዘዋል።

ጋሼ፣ ፖሊ ቴክኒክ የሜካኒካል ምህንድስና ተማሪ ነኝ። ያለ ትልቅ መጫኛ ማሽን እንዴት ያጣብቁታል?

በአየር ነው ወንድሜ። የተደራረበውን ስኪ ቅርጽ ከሚያስይዘው እንጨት ጋር ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ አስገብቼ እዘጋዋለሁ። ውስጡ ያለውን አየር መጥጬ ሳወጣው የውጭው አየር ይጫነዋል። የምመጥበት ከአሮጌ ፍሪጅ የወጣ ኮምፕሬሰር ነው።

እዚህ ላይ ግን ስኪ አሠራር የሚያሳዩት ቪዲዮዎች የማይነግሯችሁ ነገር አለ። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል ወደ 1,800 ሜትር ከፍ ትላለች። አየሩ ሳሳ ያለ ነው። በባሕር ጠለል አየር በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 10 ቶን ገደማ ይጫናል፤ እኛ ጋ 8 ቶን ገደማ ነው። 1.8 ሜትር ርዝመትና 10 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ስኪ ላይ 1.5 ቶን ያህል ታገኛለህ፣ 1.8 አይደለም። የመለኪያዬ ቀስት 0.8 ባር (ያው በካሬ ሜትር 8 ቶን ገደማ) ላይ ሲቆም ኮምፕሬሰሩ የተበላሸ መስሎኝ ሁለት ቀን ስፈታና ስገጥም ከረምኩ። ደህና ነበር፤ ከዚያ በላይ የሚመጠጥ አየር የለም።

መሃሉ ላይ ችግር የለውም። የሚያስቸግረው ወደ ላይ የሚታጠፈው አፍንጫው ነው። እዚያ ላይ እንጨቱን በሙቅ ውኃ አለስልሼ ቀድሜ አጥፈዋለሁ፣ እንደገና አደርቀዋለሁ። ሲጣበቅ ደግሞ የአሸዋ ከረጢት እጭንበታለሁ።

መብራት ቢጠፋስ?

ይጠፋል። ኢፖክሲው (ከማጠንከሪያ ጋር የሚበጠበጠው ኮላ) እስኪጠነክር አንድ ሙሉ ቀን ስለሚፈልግ ተዘጋጁ። በኮምፕሬሰሩና በከረጢቱ መሃል አየር የማያስመልስ ቫልቭና ባዶ የጋዝ ሲሊንደር አስገቡ። ከረጢቱንም ኮላ ከመቀባታችሁ በፊት ባዶውን ፈትኑት። አንድ ሰዓት ካልያዘ አትጀምሩ።

ማጠንከሪያውን ብጨምርበት ቶሎ አይደርቅም?

በፍጹም! ኢፖክሲ እንደ ሲሚንቶ አይደለም። ልኩ ከተዛባ የተረፈው እንደ ለስላሳ ጎማ ሆኖ ይቀራል። በቆርቆሮው ላይ በተጻፈው ልክ በሚዛን መዝኑ። ብዙ ባንድ ጊዜ ከበጠበጣችሁም ዕቃው ውስጥ እያለ ግሎ ያጨሳል። ጓንትና መስኮት አትርሱ። ለውኃ ታንከር የሚሸጠው ፖሊስተር ሙጫ ይረክሳል፤ ግን እንጨትን እንደ ኢፖክሲ አጥብቆ አይዝም።

ጎማ ያለውን ልሞክር እፈልጋለሁ፤ የት ይሻላል?

እህቴ፣ ፍሬን እንደሌለው መጀመሪያ እወቂ። ከቤዛዊት ኮረብታ ቁልቁል እንዳትሞክሪው። እኔ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ፣ ባጃጁ ሳይበዛ፣ ዘንባባው ሥር ባለው ሜዳማ አስፋልት ነው የምሄደው። ፕላስቲክ ጎማ ሻካራ አስፋልት ላይ ያንዘፈዝፋል፤ ላስቲክ ይሻላል። ጎማውን ራሴ አልሠራም፤ ወንድሜ ነው በሻንጣ የሚያመጣልኝ። የራስ ቁርና የጉልበት መከላከያ ካለሽ ቅዳሜ ጠዋት ነዪ፤ የኔን አውስሻለሁ።