አንድ ሴሚስተር ውጭ አገር፦ ልሂድ ወይስ ልቅር?

ጥያቄ፦ የኮምፒውተር ሳይንስ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ዩኒቨርሲቲያችን አውሮፓ ካለ አንድ ዩኒቨርሲቲ ጋር ባለው የተማሪ ልውውጥ ለአንድ ሴሚስተር ተመርጫለሁ። ጓደኞቼ ሁሉ «ምን ታስቢያለሽ፣ ዝም ብለሽ ሂጂ!» ይሉኛል። እኔ ግን እንቅልፍ አጥቻለሁ። ምረቃዬ ቢዘገይስ? ኢንተርንሺፕ (የሥራ ልምምድ) ቢያመልጠኝስ? ደግሞስ አምስት ወር ቆይቶ መመለስ ቀጣሪ ፊት ዋጋ አለው? መልስ ለመስጠት ሦስት ሳምንት ብቻ ነው የቀረኝ።

መልስ፦ በመጀመሪያ እንኳን ደስ አለሽ። ቀጥሎ ደግሞ ጭንቀትሽ ልክ ነው። «ዝም ብለሽ ሂጂ» ከሚሉሽ ጓደኞችሽ ይልቅ ነገሩ ለአንቺ በደንብ ገብቶሻል።

የራሴን ልንገርሽ። ተማሪ ሳለሁ እኔም ለአንድ ሴሚስተር ሄጄ ነበር። አምስት ኮርስ ወሰድኩ፣ አምስቱንም አለፍኩ። ስመለስ ዲፓርትመንቴ የተቀበለኝ ሦስቱን ብቻ ነው። ውድቅ ከሆኑት ሁለቱ አንዱን የወሰድኩት በአንድ የግዴታ ኮርስ ምትክ ነበር። ያ የግዴታ ኮርስ በዓመት አንዴ ብቻ ይሰጣል። እሱን ሳያልፉ ደግሞ ቀጣዩን መመዝገብ አይቻልም። በዚህ ሰበብ ከእኩዮቼ አንድ ዓመት ዘግይቼ ተመረቅኩ።

እንዴት እንዲህ ሆነ ብትዪ፣ ከመሄዴ በፊት አድቫይዘሬን፣ ማለትም የትምህርት አማካሪዬን፣ ኮሪደር ላይ አግኝቼ ጠይቄው ነበር። «ችግር የለውም፣ ይያዝልሻል» አለኝ። አምኜው ሄድኩ። ስመለስ እሱ ሥራ ለቋል። በእጄ አንዲት ወረቀት የለችኝም። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚባለውን ያኔ ነው በደንብ የገባኝ። ሰውየው ዋሽቶኝ አይመስለኝም። እየሄደ ነበር የመለሰልኝ፣ እኔም እየሄድኩ ነበር የጠየቅኩት።

ስለዚህ ለመጀመሪያው ጥያቄሽ መልሴ ይሄ ነው፦ ምረቃሽ ይዘገይ እንደሆነ የሚታወቀው አሁን፣ አገርሽ ሆነሽ፣ ከአውሮፕላኑ በፊት ነው። ኢራስመስ በሚባለው የአውሮፓ ኅብረት የተማሪ ልውውጥ ፕሮግራም «ለርኒንግ አግሪመንት» የሚባል ሰነድ አለ። እዚያ የምትወስጂው እያንዳንዱ ኮርስ፣ እዚህ የትኛውን ኮርስ እንደሚተካ ይጻፍበታል። ሦስት ፊርማ ያርፍበታል፦ የአንቺ፣ የላኪው ዩኒቨርሲቲና የተቀባዩ። የአንቺ ልውውጥ በኢራስመስ በኩል ከሆነ ይህ ወረቀት የግድ ነው። ዩኒቨርሲቲዎቹ ለብቻቸው የተፈራረሙት ስምምነት ከሆነም ተመሳሳይ ነገር ጠይቂ። ስሙ ምንም ይሁን፣ ፊርማና ማህተም ይኑረው። ኮፒውን ደግሞ ኢሜይልሽ ውስጥ አስቀምጪ።

በነገራችን ላይ ኢራስመስ እ.ኤ.አ. በ1987 ሲጀመር 11 አገሮችና 3,244 ተማሪዎች ብቻ ነበሩበት። አውሮፓውያን እርስ በርስ ነበር የሚላላኩት። ከእ.ኤ.አ. 2015 ወዲህ ግን የአንድ ወይም የሁለት ሴሚስተር ልውውጡ ከአውሮፓ ውጭ ላሉ ዩኒቨርሲቲዎችም ተከፍቷል። ይህን የምነግርሽ ለአንድ ነገር ነው። ተቀባዮቹ ብዙ ዓመት የለመዱት ሥራ ስለሆነ ስለ ወረቀት ብትጠይቂያቸው አይሰለቹም። የሚያንገራግረው ብዙ ጊዜ የገዛ ዲፓርትመንትሽ ነው። ጊዜሽን እዚያ ላይ አጥፊ።

አሁን ካሪኩለምሽን አውጪና ጠረጴዛ ላይ ዘርጊው። የምትሄጂበትን ሴሚስተር ኮርሶች አንድ በአንድ እያየሽ ጠይቂ፦ ይህ ኮርስ ቢያመልጠኝ ቀጥሎ የሚዘጋብኝ ሌላ ኮርስ አለ? ከሌለ፣ እሰየው። ካለ፣ በዓመት ስንት ጊዜ ይሰጣል? እኔን ያስመታኝ ይህችን ጥያቄ አለመጠየቄ ነው። የምርጫ ኮርሶች፣ ማለትም ኢሌክቲቮች፣ በአብዛኛው ለመተካት ይቀላሉ። ስለዚህ የወደፊት ኢሌክቲቮችሽን ሰብስበሽ እዚያ ለመውሰድ ብታስቢ፣ የግዴታዎቹን ደግሞ እዚህ በሌላ ሴሚስተር ብታሸጋሽጊ፣ ብዙ ራስ ምታት ይቀርልሻል። ይህን ሽግሽግ ከአድቫይዘርሽ ጋር ተቀምጠሽ ሥሪው። ተቀምጠሽ እንጂ ቆመሽ አይደለም።

የክሬዲት ቆጠራቸውም ከእናንተ ይለይ ይሆናል። አብዛኛው አውሮፓ ኢሲቲኤስ በሚባል ክሬዲት ይቆጥራል። ሙሉ ሴሚስተር 30፣ ሙሉ ዓመት 60 ነው። አንዱ ክሬዲት ከ25 እስከ 30 ሰዓት የተማሪ ሥራን ይወክላል፣ ክፍል የተቀመጥሽበትም ቤት ያነበብሽበትም ተደምሮ። የእናንተ ክሬዲት የክፍል ሰዓትን ብቻ የሚቆጥር ከሆነ ቁጥሩን በቀጥታ ማነጻጸር አይቻልም። «6 ክሬዲት ወስጄ 3 ብቻ ያዙልኝ» ብሎ የሚያለቅስ ተማሪ ሁሌም አለ። ምናልባት ዲፓርትመንቶቹ ትክክል ናቸው። ዋናው ነገር ስሌቱን ቀድመሽ ማወቅሽ ነው።

ግሬድ ላይ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። ጀርመን ውስጥ 1.0 ከሁሉ የላቀ ውጤት ነው፣ ማለፊያው 4.0 ነው። ጣሊያን ከ30 ያርማሉ፣ ማለፊያው 18። ፈረንሳይ ከ20። ከጀርመን 1.3 ይዞ የተመለሰ ጎበዝ ልጅ ከ4 ለሚቆጥር ሰው ሲያሳየው ምን እንደሚታሰብ ገምቺው! ስለዚህ ሁለት ነገር አስቀድመሽ አጣሪ። አንደኛ፣ ግሬዱ ተቀይሮ ጂፒኤሽ (አማካይ ውጤትሽ) ውስጥ ይገባል ወይስ «አልፏል» ተብሎ ብቻ ይመዘገባል? ሁለተኛ፣ የሚቀየር ከሆነ በየትኛው ሠንጠረዥ? ጂፒኤሽ ከፍተኛ ከሆነ «አልፏል» መባሉ ይሻልሻል። በአዲስ ቋንቋ፣ በአዲስ የፈተና ዓይነት መጀመሪያ ላይ መንሸራተት ያለ ነው። ጣሊያን ውስጥ ለምሳሌ ፈተናው ብዙ ጊዜ በቃል ነው፣ ከመምህሩ ፊት ቁጭ ብለሽ።

አንድ ነገር ልጨምርና ከኮርስ እንውጣ። ድረ ገጻቸው ላይ የምታዪው የኮርስ ዝርዝር ያለፈው ዓመት ሊሆን ይችላል። ደርሰሽ «ይሄ ዘንድሮ አይሰጥም» ወይም «ይሄ በእንግሊዝኛ አይደለም» ልትባዪ ትችያለሽ። ስለዚህ አምስት ከፈለግሽ ሰባት አስፈርሚ። ሁለቱ መጠባበቂያ ናቸው። የእያንዳንዱን ኮርስ አውትላይንም (የይዘት ዝርዝሩን) አሁኑኑ አውርደሽ ያዢ። በኋላ ስትፈልጊው ገጹ ላይ ላይገኝ ይችላል፣ ዲፓርትመንትሽ ግን እሱን አምጪ ይልሻል።

ወደ ኢንተርንሺፑ ልምጣ። እዚህ ላይ የሚያስቸግረው የቀን መቁጠሪያ ነው። ጀርመንን ብንወስድ፣ የዊንተር (የብርዱ ወቅት) ሴሚስተር ትምህርት በአብዛኛው ኦክቶበር ይጀምርና ፌብሩዋሪ ላይ ያልቃል፣ ፈተናው ደግሞ ከዚያ በኋላም ሊቀጥል ይችላል። በሌላ አገር ፈተናው ከፈረንጆቹ ዓመት መለወጫ በፊት ያልቅ ይሆናል። የእናንተ ሁለተኛ ሴሚስተር በመሃል ቢጀምርስ? ለተቀባዩ ዩኒቨርሲቲ የልውውጥ ቢሮ ጻፊላቸው፦ የመጨረሻው ፈተና መቼ ነው፣ ለልውውጥ ተማሪ ቀድሞ የመፈተን ዕድል አለ ወይ? አንዳንድ መምህራን ይፈቅዳሉ። ግን ከመሄድ በፊት የጠየቀ ነው የሚያገኘው።

የኢንተርንሺፕ ማመልከቻ ራሱ ግን ከውጭ ሆነሽም ይሆናል። ብዙ መሥሪያ ቤቶች የመጀመሪያውን ኢንተርቪው በቪዲዮ ነው የሚያደርጉት። በተለይ በአንቺ ሙያ። ችግሩ እዚያ ስትደርሺ አዲስ ነገር ይበዛብሽና የማመልከቻው ቀን ያልፍብሻል። ሲቪሽን ከመሄድሽ በፊት ጨርሺ። የምታመለክቺባቸውን ድርጅቶችና የመዝጊያ ቀናቸውን ስልክሽ ላይ አስታዋሽ አድርጊ። ማመልከቻው ላይ «ከዚህ ቀን ጀምሮ ሥራ መጀመር እችላለሁ» ብለሽ ቀኑን ጻፊ። ቀጣሪን የሚያስጨንቀው የት እንዳለሽ ሳይሆን መቼ እንደምትመጪ አለማወቁ ነው።

ቪዛና ገንዘብን ባጭሩ ልለፈው፣ አስተባባሪሽ ከእኔ በላይ ያውቃል። የተለመደው የሸንገን (የብዙ አውሮፓ አገሮች የጋራ) አጭር ቪዛ በ180 ቀን ውስጥ 90 ቀን ብቻ ነው የሚያቆየው። ለሴሚስተር አይበቃም። የምትሄጂበት አገር የሚሰጠው የረጅም ጊዜ ብሔራዊ ቪዛ ያስፈልግሻል፣ እሱ ደግሞ ሳምንታት ይወስዳል። ስለዚህ የቅበላ ደብዳቤው በደረሰሽ ማግስት ቀጠሮ ያዢ። በኢራስመስ የሚሄድ ተማሪ ለተቀባዩ ዩኒቨርሲቲ የትምህርት ክፍያ አይከፍልም፣ አብዛኛውን ጊዜ የኪስ ገንዘብም ይሰጠዋል። ገንዘቡ ግን ተከፋፍሎ ሊመጣ ይችላል፣ የቤት ኪራይ ማስያዣ ደግሞ አይጠብቅም። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት የምትሸፍኚበት ከየት እንደሆነ ሳታውቂ አትነሺ። ቤተሰብን በብድር አጨናንቆ መሄድን ግን አልመክርም። አምስት ወሩን በሙሉ ስለዚያ ብድር እያሰብሽ ታሳልፊዋለሽ።

ወደ ሦስተኛው ጥያቄሽ። ቀጣሪ ፊት ዋጋ አለው?

እውነቱን ልንገርሽ። «ውጭ አገር ተምሬያለሁ» የሚለው ዓረፍተ ነገር ብቻውን ብዙም ዋጋ የለውም። ሲቪ ሳነብ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። «በልውውጥ ፕሮግራም ተሳትፌ ከተለያዩ ባህሎች ጋር ተዋውቄያለሁ» የሚል መስመር ስንት ጊዜ እንዳየሁ አልቆጥረውም። ዓይኔ እሱን ዘልሎ ያልፋል። ቀጣሪም እንደዚያው ነው።

ዓይን የሚይዘው ሌላ ነው። «ከአራት አገር ከመጡ ተማሪዎች ጋር በቡድን የቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ ማስያዣ ሲስተም ሠራን፤ የዳታቤዙን ክፍል የያዝኩት እኔ ነኝ፤ ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ ሁለት አባላት ስለማይግባቡ ሥራውን በጽሑፍ ከፋፍዬ አስቀጠልኩት።» ይህን ያነበበ ሰው ሦስት ነገር ይጠይቅሻል። ሦስቱም ስለ ሥራ ናቸው። ኢንተርቪው ውስጥ የምትፈልጊውም ይህንኑ ነው።

ስለዚህ ከአምስቱ ኮርስ ቢያንስ አንዱ የቡድን ፕሮጀክት ያለው ይሁን። የሠራሽውን ኮድ፣ ሪፖርቱን፣ የመምህሩን አስተያየት ይዘሽ ተመለሺ። ከአንድ መምህር ጋር ደግሞ በደንብ ተዋወቂ። የቢሮ ሰዓቱ ላይ ሂጂ፣ ጠይቂው። ለማስተርስ ስታመለክቺ የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፍልሽ እሱ ሊሆን ይችላል። ደብዳቤውን ገና እዚያው ሳለሽ ጠይቂ። ከዓመት በኋላ ከሌላ አህጉር ኢሜይል ስትልኪ ፊትሽን ላያስታውሰው ይችላል።

ከአገርሽ ልጆች ጋር ብቻ መዋል እንደሚያጓጓም አውቃለሁ። እኔም የመጀመሪያዎቹን ስድስት ሳምንታት እንደዚያ ነው ያሳለፍኳቸው። ሲናፍቅሽ ሂጂላቸው። የላቦራቶሪና የቡድን ሥራ ላይ ግን ሌላ ጠረጴዛ ምረጪ። ቋንቋው የሚሻሻለው እዚያ ነው። መጀመሪያ ላይ ስብሰባ ውስጥ ግማሹ ያመልጥሻል፣ ከቀልዱ ደግሞ ሁሉም። ያልፋል።

እና ልሂድ ወይስ ልቅር ነው ጥያቄሽ። እኔ ብሆን እንዲህ አደርጋለሁ። ሦስቱን ሳምንት ለፊርማው እሰጣለሁ። በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ዲፓርትመንቱ ቢያንስ አራት ኮርስ እንደሚይዝልኝ በጽሑፍ ከሰጠኝ፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ወጪም ከተሸፈነ፣ እሄዳለሁ። ካልሰጠኝና የሚያመልጠኝ በዓመት አንዴ የሚሰጥ የግዴታ ኮርስ ከሆነ፣ ዕድሉ ወደሚቀጥለው ሴሚስተር ይዛወርልኝ እንደሆነ እጠይቃለሁ። አንዳንድ ፕሮግራሞች ይፈቅዳሉ። ካልፈቀዱ እቀራለሁ፣ በመቅረቴም አላፍርም። ማስተርስ ላይ ሌላ በር ይኖራል።

ለዲፓርትመንት ኃላፊው የምትጽፊው ደብዳቤ አንድ ገጽ ይሁን። በግራ በኩል የእዚያን ኮርስ፣ በቀኝ በኩል የሚተካውን የእናንተን ኮርስ አድርገሽ በሠንጠረዥ አቅርቢው። አውትላይኖቹን አባሪ አድርጊ፣ መልስ የምትፈልጊበትን ቀንም ጻፊ። በአራት ቀን ውስጥ መልስ ካላገኘሽ በአካል ሂጂና ጠይቂ። ረቂቁን ከመላክሽ በፊት ብትልኪልኝ አየዋለሁ።