መልስ፦ የመቀነስ ምልክቷ የት ገባች?

«ፉሪየር ሕግ ላይ ያለችው የመቀነስ ምልክት የሙቀት እኩልታው ላይ ስንደርስ የት ገባች?» ላልከው፣ ከሌላ መቀነስ ጋር ተሰራርዛ ነው። የፉሪየር ሕግ የሙቀት ፍሰቱ አስተላላፊነቱ (ቁሱ ሙቀት የማስተላለፍ አቅሙ) በመጠነ ሙቀቱ ዴሪቬቲቭ (በቦታ የለውጥ መጠኑ) ተባዝቶ፣ ከፊቱ መቀነስ ያለበት ነው ይላል፤ የሙቀት እኩልታው ደግሞ መጠነ ሙቀቱ በጊዜና በቦታ እንዴት እንደሚለወጥ ይገልጻል።

ጎኑ ሙቀት እንዳያፈስ የተሸፈነ የመዳብ ዘንግ ውሰድ። ከመሃሉ አንድ ስስ ቁራጭ ብቻ እይ። በግራ ከገባው ሙቀት በቀኝ የወጣው ሲቀነስ፣ ቁራጩ ውስጥ የቀረው ይገኛል። መጠነ ሙቀቱን ከፍ የሚያደርገው እሱ ነው። ልብ በል፣ ዴሪቬቲቭ «ቀኝ ሲቀነስ ግራ» ነው፤ እኛ የጻፍነው ግን ተገላቢጦሹን። ስለዚህ በውፍረቱ አካፍለህ ውፍረቱን ወደ ዜሮ ስታስጠጋ የፍሰቱ ዴሪቬቲቭ ከነመቀነሱ ይመጣል። ፍሰቱን በፉሪየር ስትተካ ሁለተኛዋ መቀነስ ትገባና ሁለቱም ይሰረዛሉ። ሁለተኛ ዴሪቬቲቩም የመጣው ከዚሁ ነው።

አስተላላፊነቱን ከዴሪቬቲቩ ውጭ ማውጣት የምትችለው ግን ቋሚ ከሆነ ብቻ ነው፤ ፈተና ላይ የሚያስቀጣው ይሄ ነው። ከዚያ አስተላላፊነቱን በእፍግታና በልዩ ሙቀት (የአንድ ኪሎግራም ቁስን መጠነ ሙቀት በአንድ ዲግሪ ከፍ ለማድረግ የሚያስፈልገው ሙቀት) ብዜት አካፍለው፤ የሚገኘው ሙቀቱ በቁሱ ውስጥ ምን ያህል ቶሎ እንደሚሰራጭ የሚያሳየው ቁጥር ነው። ለመዳብ በሰከንድ 1.1 ካሬ ሴንቲሜትር ገደማ ታገኛለህ።