ማሽኑ ስፌት መሐል ቀጥ ሲል

ጥያቄ፦ «በጥቁሩ የሲንጀር ዓይነት የስፌት ማሽን ላይ ሞተር አስገጥሜ ጥጥ የገባበት የሕፃን ብርድ ልብስ እሰፋለሁ። ትናንት ከጥጡ ጋር መደዳውን ስሰፋ ድንገት ቀጥ አለ። ፔዳሉን ስረግጠው ሞተሩ ያጉረመርማል፣ መርፌው ግን ንቅንቅ አይልም። ሞተሩ ተቃጥሎ ይሆን?»

መልስ፦ እህታችን፣ የሚያጉረመርም ሞተር ኤሌክትሪክ ደርሶታል። ማዞር ያቃተው የሆነ ነገር ስለያዘው ሊሆን ይችላልና ከአሁን በኋላ ፔዳሉን አይርገጡት። እንዳይዞር የተያዘ ሞተር ከሚዞረው ይልቅ ብዙ ኤሌክትሪክ ይስባል፤ የሳበው ሁሉ ሙቀት ስለሚሆን የሞተሩ የሽቦ ጥቅልል የሚቃጠለው ያኔ ነው። «እስቲ አንዴ ልሞክረው» የሚባለው ነገር ደህናውን ሞተር ያበላሻል።

ሶኬቱን ይንቀሉ። ቺንጋውን ያውጡና መዘውሩን በእጅዎ ወደ ራስዎ ያዙሩት። በቀላሉ ዞሮ መርፌው ከወጣና ከወረደ ችግሩ ሞተሩ ወይም ቺንጋው ጋ ነው። ከተያዘ ግን ማሽኑ ውስጥ ነው። በነገሩኝ ምልክት የምጠረጥረው ሁለተኛውን ነው፤ ቦታውም ብዙ ጊዜ የቦቢኑ ቤት ያለበት፣ ከመርፌው ሥር ሆኖ የላይኛውን ክር የሚይዘው ሻትል ነው።

መዘውሩን በጉልበት አይጠምዝዙት። ትንሽ ወደፊት፣ ትንሽ ወደኋላ እያወዛወዙ ያላሉት። መርፌውን ፈትተው ያውጡ፣ ከጨርቁ ሥር የተተበተበውን ክር በመቀስ ቆርጠው ጨርቁን ያንሱ። የቦቢኑን ቤት ያውጡ። ሻትሉን የያዘው ቀለበት ግራና ቀኝ ሁለት መያዣ ካለው ወደ ውጭ ይክፈቷቸው፣ ቀለበቱን ያንሱ፣ ከዚያ ሻትሉን በመሐሉ ባለው ዘንግ ይዘው ይሳቡት። ከመንቀልዎ በፊት በስልክዎ ፎቶ ያንሱት፤ ሲመልሱ ይጠቅምዎታል።

ሻትሉ የሚንሸራተትበትን ቦይ በወረንጦና በቡሩሽ ያጽዱ። ጠርዙ ላይ የተሰነገ አንዲት የክር ቁራጭ ብቻ ማሽኑን ቀጥ ልታደርገው ትችላለች። የተሰበረ የመርፌ ጫፍም ይፈልጉ። የሻትሉን ሹል ጫፍ በጥፍርዎ ይዳስሱት፤ ከቧጠጠዎ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ቀስ ብለው ያለስልሱት፣ ጫፉን ግን አያሳጥሩት። ሲመልሱ ሻትሉን የሚገፋው ብረት የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ይዞ ያገኙታል፤ ሻትሉ ተቃራኒውን ግማሽ መሙላት አለበት። ቦዩ ላይ አንድ ጠብታ የስፌት ማሽን ዘይት በቂ ነው።

ሻትሉ ወጥቶም መዘውሩ ከከበደ ዘይቱ ደርቆ ሊሆን ይችላል። የምግብ ዘይት የተጨመረበት ማሽን እንደ ሙጫ ይይዛል። በዘይት ቀዳዳዎቹ ጥቂት ጠብታ ላምባ ይጨምሩ፣ መዘውሩን ደጋግመው ያዙሩ፣ የሚወጣውን ጥቁር እድፍ ይጥረጉ፣ በመጨረሻ ንጹሕ ዘይት ያድርጉ። ላምባው ሞተሩን እንዳይነካ፤ ሞተሩ ውስጥ ኤሌክትሪኩን ወደሚዞረው ክፍል የሚያስተላልፉት ካርቦኖች የእሳት ብልጭታ ስለሚፈጥሩ በደንብ ሳይደርቅ ሶኬቱን አይሰኩ። ከመዘውሩ ጀርባም ይመልከቱ፣ ዘንጉ ላይ ክር ተጠምጥሞ ይገኛል።

ለምን ደረሰ? በወፍራም ሥራ ላይ ብዙዎችን የሚያታልል ነገር አለ። ጥጡ ወፍራም ስለሆነ የማሽኑ እግር ማንሻው ሳይወርድም ጨርቁን የተጫነ ይመስላል። ማንሻው ካልወረደ ደግሞ የላይኛውን ክር የሚወጥሩት ሁለት ሳህኖች ክፍት ናቸው፤ ክሩ ያለ ውጥረት ወደ ታች ይፈስና ከሥር ይከመራል። ስለዚህ ስፌት በጀመሩ ቁጥር ማንሻውን በእጅዎ ያረጋግጡ። የሁለቱን ክሮች ጫፍም ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ስፌቶች ወደኋላ ይዘው ይቆዩ፣ አለበለዚያ ሻትሉ ጎትቶ ያስገባቸዋል።

መርፌውም አንድ ምክንያት ነው። ለሸሚዝ የሚሆነው 14 ቁጥር በሁለት ጨርቅና በጥጥ መሐል ይጎብጣል፤ 16 ያድርጉ። እስከ ላይ ገብቶ ይጥበቅ፣ መርፌው ላይ ያለው ረጅሙ ቦይ ደግሞ ክሩ በሚገባበት ጎን ይሁን። ጨርቁን አይጎትቱት፤ ሲጎትቱት መርፌው ተጣሞ ብረት ይመታል። ጥጥ ብናኝ ስለሚበዛው በየሁለት ቦቢኑ ሻትሉን ይጥረጉ።

መዘውሩ እየዞረ መርፌው ዝም ካለ ደግሞ ሌላ ነገር ነው፤ ቦቢን ሲጠቀልሉ የሚላላው በመዘውሩ መሐል ያለው ክብ ብሎን አልጠበቀም። ጠብቆም ካልያዘ ከሥሩ ያለችው ባለ ጥርስ ቀለበት ተገልብጣ ገብታለች፤ ግማሽ ዙር አዙረው ይመልሷት።

ማሽኑ በእጅ ቀሎ ሞተሩ ብቻውን ካስቸገረ፣ ቺንጋው እንደወጣ ሶኬቱን ሰክተው ፔዳሉን ለቅጽበት ብቻ ይንኩት። ዞረ? እንግዲያው ቺንጋው ከልክ በላይ ተወጥሮ ነበር፤ በጣት ሲጫኑት አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል መጉበጥ አለበት። ካልዞረ ሶኬቱን ነቅለው ሁለቱን ካርቦኖች ያውጡ፤ ካጠሩ ይለወጡ። የማቃጠል ሽታ ካለ ግን ሞተር ጠቅላይ ጋ ይውሰዱት። ሞተሩ ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ ጽሑፉን ያንብቡ፤ 110 ቮልት የሚለውን ያለ ትራንስፎርመር በእኛ 220 ላይ መሰካት ያቃጥለዋል።

ሁሉም ከተገጠመ በኋላ የዚያኑ ጨርቅና ጥጥ ቁራጭ ያስገቡ። አሥር ስፌት በእጅዎ ያዙሩ፣ ቁራጩን ገልብጠው ሥሩን ይዩ፤ ክሩ ካልተከመረ ቺንጋውን ይመልሱ።